የአይጥ ጩኸት የቀዱት ደንበኛ

ዛሬ ረፋድ ላይ መርካቶ ሱቄ የመጡ አንድ ደንበኛ ሜጋፎን ልሞክር ብለው የአይጥ ጩኸት ለቀቁብኝ።

የምሸጠው ድምፅ ቀድቶ የሚደጋግመውን ነው። ሌላው ሰው «ሁሉም በመቶ ብር» ብሎ ነው የሚቀዳበት። እኚህ ሰውዬ ግን ስልካቸውን አስጠግተው ሲጥ ሲጥ የሚል አይጥ ቀዱ። የጎረቤት ድመት ዘላ ባንኮኒው ላይ ወጣች።

«ለምንድነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ለቀበሮ ነው እህቴ። በጎቼን ፈጀብኝ። ጠርቼ ልገድለው ነው።»

«በግ የሚበላ ከሆነ ለምን የጠቦት ድምፅ አልቀዱም?»

ሜጋፎኑን ገለባብጠው ማየት ጀመሩ።

«መቼ ነው የሚጠሩት?»

«በቀን ነዋ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል።»

የመርካቶ ልጅ መስያቸው ይሆናል። እኔ መንዝ ነው ያደግኩት። በግ የሚሰርቀው ቀበሮ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው የሚመጣው። በጠራራ ፀሐይ የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ቀይ ቀበሮ ነው። እሱ ደግሞ ጥቂት ስለቀረ መግደል ክልክል ነው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ ተሸጧል» ብዬ ሜጋፎኑን ተቀበልኳቸው። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ስድስቱን አይተው፣ እኔንም አይተው ወጡ።

የዋህ ገበሬ በድዬ ይሆን እያልኩ ቆምኩ። ወዲያው ድመቷ ጆሮዋን አቆመችና ወደ ውጭ በረረች። ተከትያት ብወጣ፣ ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ አይጥ ይጮኻል።

እናንተስ፣ አልሸጥም ያላችሁት ዕቃ ከጎረቤት ሱቅ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምን አደረጋችሁ?