በረዶ የተሳለባት ማብሪያ

መኪናዋን የገዛናት ከፋብሪካው ጡረታ እንደወጣሁ ነው። ያገለገለች የቤት መኪና ናት። ዕድሜዬን ሙሉ የፋብሪካ ካሚዮን ስነዳ ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከጎኔ ገብታ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ሁሉ በጣቷ እየነካች ትጠይቀኝ ጀመር። በረዶ የተሳለባት ማብሪያ ጋ ስትደርስ እጇን ያዝኩት።

«እሷ አትነካም።»

«ምንድን ናት?»

«ብርድ የምታመጣ ናት። አቃቂ ላይ ብርድ አነሰሽ?»

አባቴ ጭነት ላይ ተቀምጦ ከሞጆ መጥቶ ነው የሞተው። ደረቱን ንፋስ መታው አሉ፤ ሳምንት አልሰነበተም። ከዚያ ወዲህ ንፋስ አልወድም። ካሚዮን ስነዳም መስኮት አላስከፍትም ነበር። በቤት መኪናዋም ያው ሕግ ቀጠለ። የሁሉም መስኮት መቆለፊያ እኔ በር ላይ ነው፤ የእሷን ቆለፍኩት። ባለቤቴ ደግሞ ወፍራም ናት፣ ሙቀት አትችልም።

«አንተ ሰውዬ፣ ንፋስ የፈራኸውን ያህል እግዜርን ብትፈራ ይሄኔ ጻድቅ ነበርክ» አለችኝ አንድ ቀን።

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ማብሪያዋ ግን ሳትነካ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ጉልበቷ ታመመ። ሳሪስ አቦ ሄዳ ስትሳለም እንኳ ቁጭ ካለች ያለ ሰው እጅ አትነሳም ነበር። ሶደሬ ሄደሽ ፍል ውሃው ውስጥ ተዘፍዘፊ አሏት። በቃ እኔ እወስድሻለሁ አልኳት። የከተማው ባቡር ሊሠራ ቃሊቲ የተቆፋፈረበት በጋ ነበር። በመነሻችን ቀን የከሰል ማራገቢያዋን ከማድቤት ይዛ መጣች።

«ይኼ ምንድን ነው? ሰው ያያል እኮ።»

«ይይ። የእኔ ኤሲ ይቺ ናት።»

ዱከምን ስናልፍ የጭነት መኪናው ሰልፍ አላንቀሳቅስ አለን። ፀሐይዋ በፊት መስታወቱ ገብታ ጭናችን ላይ ተቀመጠች። ባለቤቴ ታራግባለች፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። መጨረሻ ላይ፣ «ልጫናት?» አለችኝ ወደ ማብሪያዋ እያየች። እስቲ ተጫኛት አልኩ። የወጣው አየር የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተ ነው የሚመስለው።

«ይቺም እንዳንተ ናት። ትኩስ መተንፈስ ብቻ» አለች።

ትንሽ ቆይታ መስኮቱን ክፈትልኝ አለችኝ። ሁለት ጣት ያህል ከፈትኩላት። ጨምር አለችኝ፤ ላብሽ ሳይደርቅ ንፋስ ይመታሻል አልኳት። ወደ ማራገቢያዋ ተመለሰች። የተስማማች መሰለኝ። መንገዱ ተከፍቶልን ሞጆ ልንገባ ስንል ማራገቢያዋ እግሯ ሥር ወድቃ አየሁ። ባለቤቴ አንገቷ ወደ በሩ ዘንበል ብሏል። ጠራኋት፤ አልመለሰችም።

መኪናዋን ጥግ አስያዝኩ። አንዲት ባለሱቅ ውሃ ይዛ ሮጣ መጣች። ሁለት ሆነን አውጥተን ጥላ ሥር አስቀመጥናት፤ ባለሱቋ ውሃውን አናቷ ላይ አፈሰሰችላት። ዓይኗን ስትገልጥ ቀድማ ያየችው እኔን ነው፤ ፊቷን መልሳ ወደ ሴትዮዋ አዞረች። ሲሻላት፣ «እኔ በአውቶብስ እመለሳለሁ» አለች። ለመንኳት። ባለሱቋም እረፊ አለቻት። ተደግፋ አውቶብስ ላይ ወጣች፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ባዶዋን መኪና ይዤ እስከ ቃሊቲ ከአውቶብሱ ኋላ ነዳሁ። መስኮቷን እስከ መጨረሻ ከፍታዋለች። ክንዷ ውጪ ነው፣ ነጠላዋ ይውለበለባል። መንገዱን ሙሉ ያንን ክንድ ሳይ መጣሁ።

ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ውስጥ አልገባም አለች። ክረምቱ ገባ፣ ጉልበቷ ባሰበት። አውቶብስ ላይ መውጣትም አቃታት። እኔ መኪናዋን ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት።

«ፊውዙን አይቻለሁ፣ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ቺንጋም ደህና ነው» አልኩት መካኒኩን። «ማብሪያዋን ስትጫናት ግን ኮምፕሬሰሩ ቀጭ አይልም።»

«ፋዘር፣ ሥራዬን ጨርሰውልኛላ» አለና ኮፈኑን ከፈተ። የኤሲውን ጋዝ መለኪያ ሰካ፤ ጠቋሚው ንቅንቅ አላለም። አየር ሞላበትና ጎማ ቤት እንደሚደረገው መጋጠሚያዎቹን ሳሙና ቀባቸው። አንደኛው ጋ አረፋው ፈላ።

«ለመሆኑ ኤሲዋን ይጠቀሙባታል?»

«አስነክቼ አላውቅም።»

«በቃ እሱ ነው። ዘይቱ የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ካልሠራች ጎሚኒው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል። ክረምትም ቢሆን አልፎ አልፎ ማስነሳት ነው።»

«ሳትነካ ትበላሻለች?»

«ስላልነኳት ነው እኮ የተበላሸችው ፋዘር።»

ጎሚኒውን አውጥቶ መዳፌ ላይ ጣለልኝ። የላስቲክ ቀለበት ናት፤ ጫን ሳደርጋት ተሰበረች። ቆሞ የከረመ መኪና ከሠራው ይብሳል እያልኩ ለአዲስ ሾፌር ሁሉ ስሰብክ የኖርኩት እኔ ነኝ። ካሚዮን ቆሞ እንዲደርቅ ፈቅጄ አላውቅም። እስከዚያ ቀን የሞጆን ፀሐይ ስወቅስ ነበር የከረምኩት፤ ጋራዡ ውስጥ የምወቅሰው አጣሁ። መካኒኩ አዲስ ጎሚኒ አስገብቶ ጋዙን ሞላልኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ምስር ትለቅማለች።

«ምን ሆና ነው አለህ?»

«ጎሚኒው ደርቆ ነው።»

«ምን አደረቀው?»

«እኔ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ዝናቡ እየዘነበ፣ መካኒኩ እንዳለኝ፣ ግቢ ውስጥ መኪናዋንና ኤሲዋን አስነስቼ፣ ካፖርቴን ደርቤ፣ ብርዱን በፊቴ እየተቀበልኩ እቀመጥ ነበር። ጎረቤት አበደ ሳይለኝ አልቀረም። ባለቤቴ በመስኮት ታየኛለች። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ለጉልበቴ ብዬ ነው» አለች።

በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ሄድን። ማብሪያዋን ራሷ ተጫነቻት፤ ቀጭ አለች፣ ቅዝቃዜው መጣ። የመስኮቷንም ቁልፍ ፈታሁላት። ዝቅ አደረገችው፣ መልሳ ዘጋችው። ትንሽ ሄድን፣ እንደገና ዝቅ አድርጋ ዘጋችው። እኔ አንገቴን በፎጣ ጠቅልዬ ነዳሁ።

ማራገቢያዋ ጭኗ ላይ ናት፤ እጀታዋን ጨብጣታለች። ወደ ኋላ ወንበር አድርጊያት ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ሶደሬ ስንደርስም ይዛት ወረደች።