ሰደፉን ያጣመመው እርጥበቱ ነው

ያ ሰደፍ የተጣመመው እኔ ስለተራመድኩት አይደለም። መርሳ ከተማ ውስጥ ዛሬም እንደዚያ እያለ የሚያወራ ስላለ ነው ይህን የምጽፈው።

ባሌና ታላቅ ወንድሙ ከጓሯችን ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የአሮጌ ጠመንጃ ሰደፍ ይቀይሩ ነበር። ታላቅየው ጥድፊያ ይወዳል። እርጥብ ዋንዛ ለመሮ ስለሚለሰልስ፣ እንጨቱ በተገዛ በሳምንቱ ጠርቦ ያስረክባል። ክረምት ላይ የሰጠው ሰደፍ በጋ ሲገባ ይሰነጠቃል፤ ወይም ይጣመምና ብረቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። ባለቤቱ ዝንጀሮ አነጣጥሮ ድንጋይ ይመታል።

እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። እርጥብ በርበሬ ሚዛን ላይ ስንት ጊዜ እንዳታለለኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ውሃው በጫፍ በጫፉ ተሽቀዳድሞ ወጥቶ እንዳይሰነጥቀው ባሌ የሚጠርበውን ጣውላ ሁለት ጫፍ ሰም ቀብቼ፣ ጥላ ውስጥ ደረደርኩት። በየሳምንቱ እመዝነዋለሁ፤ ክብደቱን እዚያው ጣውላው ላይ በከሰል እጽፋለሁ። መቀነሱን ሲያቆም ለባሌ "አሁን ጥረበው" እላለሁ። ከእነዚያ አንዱም ተጣሞ አልተመለሰም። ከወልድያ ድረስ ደንበኛ መምጣት ጀመረ። ታላቅየው "የአባታችን ሙያ ነው" ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባሌ አጠገቡ ነበር። መሮውን መሳል ቀጠለ።

አንድ ቀን አንድ የሀብሩ ገበሬ ታላቅየው የሠራለትን ሰደፍ ይዞ መጣ። ተጣሟል። የቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ ሰባት ስምንት ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ባሌም አለ።

"ምን ላድርግህ? ይቺ ሴት ተራምዳዋለች!" አለ ታላቅየው። ሴት የተራመደችው መሣሪያ ይበላሻል ባይ ብዙ ነው በእኛ አገር።

ደሜ ፈላ። "እርጥብ ነበር" አልኩ። "ዛሬ አንቱ የሚጠርቡትንም እንመዝነውና እንይ።"

"ሚዛኑስ የማን ነው? ያንቺው!"

ገበሬው ሳቀ። "እንግዲያው ከሚጠርቡት እንጨት ቁራጭ ለእኔ ይስጡኝ፤ ማዶ ያለው እህል ነጋዴ ይመዝንልኛል።"

አስመዝኖ ወሰደው። በወሩ እዚያው ነጋዴ ዘንድ ደግሞ አስመዝኖ ይዞት መጣ። በጣም ቀሏል፤ ጫፍና ጫፉም ተሰንጥቋል።

"ወላሂ፣ እኔ ቤት ነው የከረመው" አለ ገበሬው። "አሁን ደግሞ 'ያንተ ሚስት ተራመደችው' ይበሉኛ!"

ወንዶቹ ሁሉ ሳቁ። ታላቅየው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? "እንጨት ሲደርቅ እንደሚቀል ማን ያጣዋል!" በእኔ ላይ የተናገረውን ግን አላነሳም። ቤት ስንገባ ባሌን "አንተስ ምነው አፍህ ተለጎመ?" አልኩት። "ታላቄ አይደል" አለኝ። እሱንም አልረሳሁለትም።

ዘንድሮ ታላቅየው ታመመ። "አውፍ ትበለኝ፣ ይቅር ትበለኝ" ብሎ ሁለት ሽማግሌዎች ላከብኝ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ በአክብሮት አስቀመጥኳቸው።

"ልጄ፣ አልጋ ላይ የወደቀ ሰው እኮ ነው" አሉኝ አንደኛው።

"ይሁን አባባ። ስሜን ያጠፋው ግን በሩ ላይ፣ በሰው ፊት ነው። እዚያው ደግፈው ያምጡትና 'እርጥብ እንጨት የጠረብኩት እኔ ነኝ' ይበል። ያን ጊዜ አውፍ እላለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እልኸኛ ነሽ አሉኝ። ነኝ። እሱ እስካሁን አልመጣም፤ እኔም አውፍ አላልኩም።