የቀጀላ መሐላና የኡርጌ ደወል

ቀጀላ የመቱ ከተማ የወፍጮ መካኒክ ነበር። ሙያውን የተማረው በጣሊያን ጊዜ የጭነት መኪና ሲያጥብ ነው፤ አፉን ማን እንዳስተማረው ግን አይታወቅም። አንድ ቅዳሜ ጠጅ ቤት ውስጥ፣ ግራዝማች ወንድይራድ ባሉበት፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ትራክተር ለዘውድ በዓል እንደሚያስነሳ ፎከረ። ፎክሮ ቢያበቃ ደህና ነበር። «ንጉሥ ይሙት!» ብሎ ማለ።

በንጉሥ ምሎ ያልፈጸመ ወህኒ እንደሚወርድ ልጅም ያውቃል። ትራክተሩ ደግሞ የግራዝማች ነበር።

«ሰማችሁ?» አሉ ግራዝማች ብርሌያቸውን አስቀምጠው።

ሁሉም ሰምቷል። በማግስቱ ሚስቱ ዲሪቤ ብርድ ልብስና ጭብጦ ጠቅልላ በር ሥር አኖረች። «ወህኒ ቤት ብርድ ነው» አለችው።

ሞተሩ ከቮላኖው በቀር ሙሉ ነበር። ቮላኖ ሞተሩን በክብደቱ የሚያሽከረክረው ትልቁ የብረት መንኮራኩር ነው። ይህኛው ለዓመታት የትምህርት ቤት ደወል ሆኖ ዋንዛ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል፤ ሽማግሌው ዘበኛ ኡርጌ በየክፍለ ጊዜው በብረት ይነርተዋል። ዳይሬክተሩ ቮላኖውን የፈቀዱት ደወሉ እንዳይቋረጥ በሚል ውል ነው። ስለዚህ ትራክተሩ ተጥሎ ከነበረበት የቡሬ መንገድ በበሬ ተጎትቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ መጣ፤ ቮላኖው ከዋንዛው ወርዶ ሞተሩ ላይ ተገጠመ፤ ኡርጌም እዚያው ላይ መነረቱን ቀጠለ። በዓሉም የሚከበረው እዚያው ነበር።

በቮላኖው ጠርዝ ላይ አንዲት ጭረት አለች። እሷ በሞተሩ አካል ላይ ካለችው ጭረት ጋር ስትገጥም ፒስተኑ ጫፍ ደርሷል ማለት ነው፤ የናፍጣው ፓምፕ የሚገባው ያኔ ነው። ትንሽ ከተዛነፈ ሞተሩ አይነሳም። ቀጀላ ጠርዙን ቢያየው ግን ዙሪያውን ጭረት ብቻ ነው።

«ኦቦ ኡርጌ፣ ይህን ሁሉ የተለተሉት እርስዎ ነዎት?»

«ልጆቹ ደንቆሮ ናቸው፤ ቀስ ካልኩ አይሰሙም።»

ቀጀላ በሞተሩ ራስ ቀዳዳ ቀጭን ሸምበቆ ሰደደ። ቮላኖውን ሲያዞር ሸምበቆው ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ቆመ። ፒስተኑ ጫፍ ደረሰ። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እጁን ወደ ፓምፑ ዘረጋ።

«ክፍለ ጊዜ አለቀ» አለ ኡርጌ፤ ነረተው። ጠመኔው ረገፈ፤ ቮላኖው ዞረ፤ ሸምበቆው ወረደ።

እንደገና። ሸምበቆ፣ ጠመኔ፣ ትንፋሽ፣ ኡርጌ።

«ኧረ በማርያም፣ አንዴ ይለፉኝ!»

«አንተ በንጉሥ ማልክ፤ እኔ የንጉሥን ትምህርት ቤት ደወል እደውላለሁ። ማን ማንን ይለፍ?»

በመጨረሻ ፓምፑ የገባው ኡርጌ ምሳ ሲበላ ነው።

ግራዝማችም ሥራ አልፈቱም። ለበዓሉ ከጎሬ ለሚመጡት ትልቅ ሹም፣ በቤተ መንግሥት ሥርዓት፣ ጀርባ ሳይሰጡ መሰናበትን ይለማመዱ ነበር፤ እጅ እየነሱ ወደ ኋላ ሲሄዱ ሁለቴ ቦይ ገብተዋል።

በበዓሉ ቀን ትራክተሩ አፍንጫውን ወደ ሹሙ ዳስ አዙሮ ቆመ። ወደ ፊት መጥቶ ዳሱ ሥር ሊቆም ነው ዕቅዱ። ቀጀላ የሞተሩን ራስ በከሰል እሳት አጋለ፣ ቮላኖውን ወዘወዘ። ምንም። ደግሞ ወዘወዘ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ። ግራዝማች ፖሊሶቹን አዩ። ዲሪቤ ጥቅልሉን ታቅፋ ሕዝቡ መሀል ቆማለች።

ይኼኔ ኡርጌ ብረቱን ይዞ ከች አለ።

«ዛሬ ትምህርት የለም፣ ኦቦ!»

«የነገረኝ የለም» ብሎ ነረተው።

ቮላኖው በተቃራኒው ዞረ፤ ሞተሩ ጓ ብሎ ተነሳ። እንዲህ ያለ ሞተር በፈለገው አቅጣጫ ይነሳል፤ በተቃራኒው ከተነሳ ትራክተሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀጀላ ይህን ያውቃል፤ አጥፍቶ ለማስነሳት ግን ወኔው ከዳው። ዘሎ ወጣ፣ ማርሽ አስገባ። ትራክተሩ ከዳሱ ወደ ኋላ መራቅ ጀመረ። ቀጀላ ዞሮ መንገዱን ቢያይ ለሹሙ ጀርባ መስጠት ሊሆንበት ነው፤ ስለዚህ ዓይኑን ከሹሙ ሳይነቅል፣ እጅ እየነሳ ሄዶ ሄዶ ከነትራክተሩ ዋንዛው ላይ ተላተመና ቆመ።

ሹሙ ብድግ አሉ። «አያችሁ? ሰው ያቃተውን ሥርዓት ብረቱ ያውቃል! ለከርሞም አየዋለሁ።»

ሜዳው በእልልታ ቀለጠ።

ሕዝቡ ሲበተን ቀጀላ ግራዝማችን ለብቻ አገኛቸው። «ጌታዬ፣ ወደ ፊት እንዲሄድ ማድረግ ቀላል ነው። አጥፍቼ በወዲያ በኩል ባስነሳው...»

«በንጉሥ አምላክ! እንዳትነካው!» አሉ። «ለከርሞ ወደ ፊት ሄዶ ሹሙን ቢደፍርብኝ የምትጠየቀው አንተ ነህ።»

የግራዝማች እርሻ በበሬ መታረሱን ቀጠለ። ትራክተሩ ዋንዛው ሥር ቀረ፤ ኡርጌ በየክፍለ ጊዜው ይነርተዋል፤ በዓመት አንዴ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዲሪቤ ጥቅልሉን አልፈታችም። ጭብጦውን ብቻ በየዓመቱ ትለውጣለች።