ከማይኩ ሆድ ያወጣኋት ትራንስፎርመር

የጋሽ ሎምቤቦን ሞት የሰማሁት እዚህ ፓዊ፣ በስልክ ነው። የእህቴ ልጅ ከሆሳዕና ደውላ ካረዳችኝ በኋላ፣ "አክስቴ፣ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ያላለቀሰ የለም" አለችኝ። "በደርግ ጊዜ የካድሬዎቹን ማይክ ሆድ ዕቃ ዘርግፈው ድምፃቸውን ያጠፉ ጀግና ተባሉ። ሐውልታቸው ላይም ሊቀረጽ ነው።"

"ማን ነው የዘረገፈው?" አልኳት።

"እሳቸው ናቸዋ።"

ጌታ ልጆቻቸውን ያጽናና። ማይኩን የፈታሁት ግን እኔ ነኝ። ደግሞም አላጠፋሁትም፤ ጠገንኩት እንጂ።

ሥራ የጀመርኩት ሆሳዕና፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ በድምፅ ክፍል ረዳትነት ነው። ኃላፊዬ ጋሽ ሎምቤቦ ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ዝርክርክ ኬብል አስታቅፈው "ጠቅልዪው" አሉኝ። ጠቀለልኩት። ፈትተው ጣሉት። "በክርንሽ አትጠምጥሚው፣ ውስጡ ይበጠሳል። እንዳመጣጡ ተከተዪው።" ሦስቴ አስደገሙኝ።

በሁለተኛው ዓመት የሽቦ መበየጃ ካውያ አስያዙኝ። ግምጃ ቤት የሚሠራው ሰው በበሩ ሲያልፍ አየና፣ "ምነው ጋሼ፣ ወጥ ሊያሠሯት ነው?" አለ።

"ወጡን አንተ ሥራ" አሉት። "የሷ እጅ አይንቀጠቀጥም።"

ማይክ የምንዘረጋበት የሰልፍ ሜዳ ችግር የኬብሉ ርዝመት ነበር። ከመድረኩ እስከ አምፕሊፋየሩ ሩቅ ነው። ማይኩ ያጉረመርማል፣ ድምፅ ያፍናል፣ አንዳንዴ የሬዲዮ ጣቢያ ሁሉ ይዞ ይመጣል። ኬብል ቀየርን፣ የመሬት ሽቦውን አጠበቅን፤ ያው ነው።

በማይኩ እጀታ ውስጥ አውራ ጣት የምታክል ትራንስፎርመር አለች። ድምፁን ከሚቀበለው የሽቦ ጥምጥም የሚወጣውን ደካማ ቮልት ከፍ አድርጋ ትልካለች። ከፍ ያለው ቮልት ግን ጉልበት የለውም፤ ረጅም መንገድ ሲሄድ ይደክማል፣ የመንገዱንም ቆሻሻ ሁሉ ይለቅማል። ከፍ ማድረጉ መድረሻው ላይ ቢሆንስ ብዬ ብዙ ቀን አሰብኩበት። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ጸልዬ ማይኩን ፈታሁና ትራንስፎርመሯን አወጣኋት። ጥምጥሙን በቀጥታ ከኬብሉ ጋር በየድኩ። እሷን በባዶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አስሬ፣ ከወዲያኛው ጫፍ አምፕሊፋየሩ ሥር ሰካኋት።

ጉርምርምታው ጠፋ። ጋሽ ሎምቤቦ እስከ ሜዳው ዳር ሄደው አዳምጠው ተመለሱ።

"ይኼን ከማን ተማርሽ?"

"ከማንም።"

ቆርቆሮዋን አገላብጠው አዩ። "በይ፣ ቆርቆሮዋ ከማይኩ እንዳትለይ" አሉ። ክዳኗ ላይ "ከማይኩ ጋር አብሮ ይሄዳል" ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ጊዜ ማይኩ ፎንቆ ከተማ ለሚደረግ ስብሰባ ሄደ። ሾፌሩ ቸኩሎ ኖሮ ክዳኗን ሳያነብ፣ ቆርቆሮዋን የጫማ ቀለም ናት ብሎ መደርደሪያው ላይ ትቷት ሄደ። ያለሷ ማይኩ ከሹክሹክታ አላለፈም። ከበላይ የመጣው እንግዳ ንግግር ሲያደርግ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የሰማ የለም። እዚያው ማይኩን ፈቱት፤ የትራንስፎርመሯ ቦታ ባዶ ነው። "አሻጥር" ተባለ።

በማግስቱ ጋሽ ሎምቤቦ ተጠሩ። እኔ ሳልጠራ ተከትያቸው ገባሁ። የመሥሪያ ቤቱ ጓድ ኃላፊ፣ ሾፌሩ፣ የግምጃ ቤቱ ሰውና ሁለት ጥበቃዎች ነበሩ።

"እኔ ነኝ ያወጣኋት" አልኩ።

ጓድ ኃላፊው ሳቀ። "አንቺ? ሂጂ ምድጃሽን ጠግኚ።"

"ማይኩን ይስጡኝ፣ ጓድ።"

ይዣት የመጣሁትን ቆርቆሮ ጥግ ላይ በተቀመጠው አምፕሊፋየር ላይ ሰክቼ "አንድ፣ ሁለት" አልኩ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ።

"እሱ አስተምሮሽ ነው" አለ ኃላፊው።

"አላስተማሩኝም።"

"አዝዞኝ ነው ብለሽ ፈርሚ።"

"ውሸት ላይ አልፈርምም።"

"ጌታሽ ከልክሎሽ ነው?"

"አዎ፣ ጌታ ነው የከለከለኝ።"

ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ ጋሽ ሎምቤቦ በየቤቱ ጸሎት ይመሩ ነበር። የተፈለጉት ለዚያ ነው፤ እኔ ለክሱ አልመችም ነበር። ሦስት ወር አሰሯቸው። እኔን ወደ ጽዳት አዛወሩኝ። ትራንስፎርመሯን ግን ማንም ወደ ማይኩ አልመለሳትም። አሻጥር ባሉት ቆርቆሮ ሰልፍ በመጣ ቁጥር ተናገሩበት። እኔም ወለል እየወለወልኩ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

ጋሽ ሎምቤቦ ሲፈቱ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ "ቆርቆሮዋ አለች?" ብለው ነው።

በኋላ ባለቤቴ በሰፈራ ሲመጣ አብሬው ወደ ፓዊ መጣሁ። እዚህም ሬዲዮ ስጠግን ኖርኩ።

ያኔ አሻጥር ነው ብለው አሰሯቸው፤ ዛሬ ያንኑ አሻጥር ጀግንነት ብለው ያመሰግኗቸዋል። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው። ጥገና ነበር፤ ጥሩ ጥገና።

ሙያውን ለያዛችሁ ወጣቶች፦ የፈታችሁት ዕቃ የት እንደሚገባ ጻፉበት። ማን እንደፈታውም ጻፉ። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የጻፍኩት።

ያን ቀን በክፍሉ የነበራችሁ፣ ሾፌሩ፣ የግምጃ ቤቱ ሰው፣ ሁለታችሁ ጥበቃዎች፣ በሕይወት ካላችሁ ድንጋዩ ሳይቀረጽ ወደ ልጆቻቸው ሂዱ። አባታችሁ ስለ ጸሎታቸው ታሰሩ ብላችሁ ንገሯቸው፤ ለሐውልት ይኼ ይበቃል። ማይኩን የፈታችው ደግሞ ረዳታቸው ታደለች ናት በሉ።