የኦፓል ታኬት የታች ድምፅ

ቴሌቪዥን ገና የአሜሪካዋን የኬንታኪን ኮረብታ ሳይወጣ፣ ሦስቱ የታኬት ልጆች ሲነጋገሩ የሚጣሉ፣ ሲዘፍኑ ብቻ የሚስማሙ ወንድምና እህቶች ነበሩ። አባታቸው መሬት ስላልነበረው ያወረሳቸው ድምፅ ነው። በልጅነታቸው ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ላይ ደርድሮ፣ ለበኩሩ ለሆባርት ዋናውን ዜማ፣ ለትንሿ ለኔድራ የላዩን፣ ለመካከለኛዋ ለኦፓል ደግሞ ዜማውን ከሥር የሚያጅበውን ወፍራሙን የታች ድምፅ አከፋፈላቸው። ክፍፍሉ ይግባኝ አልነበረውም።

አሁን ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማው ሬዲዮ ጣቢያ፣ አንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ግንባር ለግንባር ገጥመው ይዘፍናሉ። መኪና ውስጥ ሲነታረኩ መጥተው የስርጭቱ ቀይ መብራት ሲበራ ማር ይሆናሉ፤ ሲጠፋ ጭቅጭቁን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ልምምድ የሚባል ነገር አያውቁም። «የአንድ እናት ልጆች ምን ልምምድ ያሻቸዋል?» ይላል ሆባርት፤ የሱ ትዕቢት እንኳን ለሦስት ለመንደር ይተርፋል።

ኦፓልን ያንገበገቧት ግን እናቷ ናቸው። ወይዘሮ አልታ ሬዲዮናቸው ላይ ተለጥፈው ያዳምጡና እሑድ ምሳ ላይ ፍርድ ይሰጣሉ።

«ሆባርቴ አንበሳ! ኔድራዬ መልአክ!» ይሉና ወደ ኦፓል ዞረው ያስባሉ። «አንቺ ደግሞ... ቀሚስሽ አምሮብሽ ነበር።»

«እማ፣ በሬዲዮ እኮ ነው!»

«ቢሆንም። መቼስ ሳታምሪ አትሄጂም።»

አንድ እሑድ ኦፓል የባቄላ ሳህኗን ገፋ አድርጋ ተናገረች። «የፊታችን ቅዳሜ ዋናውን ዜማ የምዘፍነው እኔ ነኝ። እናቴ ሳትሞት ድምፄን ትስማው። እምቢ ካላችሁ ሁለት ሆናችሁ ዝፈኑ።»

ሆባርትን የዶሮ አጥንት ሊያንቀው ምንም አልቀረው። «እኔስ ምን ልሁን?»

«የታቹን ያዝ። ‹የታች ድምፅ ሥራው መቆም ብቻ ነው› ስትል አልነበር?»

ኔድራ ሳቋን በበቆሎ ዳቦ አፈነችው።

ኦፓል ሳምንቱን ሙሉ «ምነው አፌን በቆረጠው» ስትል ሰነበተች። ግን የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነውና ወደኋላ አላለችም።

ቅዳሜ መብራቱ በራ። ሆባርት ጊታሩን መታ፣ ኦፓል አፏን ከፈተች። የወጣው የታቹ ድምፅ ነው! ግጥሙን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ዜማውን ግን ሠላሳ ዓመት ከወንድሟ አፍ ሰማችው እንጂ አንድም ቀን በራሷ ጉሮሮ አላለፈም። ልትመልሰው ታገለች፤ ጉሮሮዋ የለመደውን መንገድ ብቻ እንደሚያውቅ ሽማግሌ በቅሎ ወደዚያው ይዟት ሄደ። ሆባርት የታቹን ጭራሽ ስለማያውቀው አፉን ከፍቶ ቀረ። ኔድራም ዜማ ሳይኖር ከምኑ ላይ ትውጣ? እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያውን ግጥም ኦፓል ብቻዋን፣ በዚያው ወፍራም ድምፅ፣ ላብ እያጠመቃት ጨረሰችው። አዝማቹ ላይ ሆባርት አልቻለም፤ ዘሎ ወደ ራሱ ዜማ ገባ፣ ኔድራም ከላዩ ወጣች፣ እንደ ወትሮው ሆኑ። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ማንም ማንንም አልተሳደበም። ኦፓልን የባሰ ያስፈራት ይኼ ነው።

በማግስቱ ምሳ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። እናቷ ሹካቸውን አስቀምጠው አፈጠጡባት።

«ያ መጀመሪያ ላይ ብቻውን የነበረው ድምፅ... አንቺ ነሽ?»

«ይቅር በይኝ እማ፤ አዋረድኩሽ።»

«ዝም በይ እስቲ! እኔ እኮ እስከ ዛሬ ሬዲዮኑ የሚያጉረመርም መስሎኝ ነበር። ጎረቤት መጥቶ ‹ላስተካክልልሽ› ቢለኝ፣ ‹እንዳትነካብኝ! ከዘፈኑ ሁሉ የምወደው እሱን ነው› ብዬ አባረርኩት።»

ኦፓል መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ፤ በናፕኪን ብትጠርግ ብትጠርግ አልቆምላት አለ። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሆባርት ጉሮሮውን ጠረገ። «የሚቀጥለው ቅዳሜስ ማን ነው የሚመራው?»

«አንተ ምራ» አለችው። «እኔ የእማ ሬዲዮ ሆኜ ላጉረምርምላት።»