በፎቶው ውስጥ የጠፋው ሰውዬ

ልጅ ሳለሁ፣ ኮሮና ትምህርት ቤታችንን በዘጋበት ዓመት፣ በስደት አገር፣ ፎረስት ፓርክ በሚባል ከተማ ያለው ቤታችን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ጋሼ ሰኢድ የሚባሉ ወሎዬ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሙያቸው የጄሶ ሥራ ነው፤ ኮሮና ሥራውን እስኪያስቆመው ድረስ፣ መሃል ከተማ ባለ አንድ ትልቅ አሮጌ ሕንፃ ላይ የተሰበሩ ጌጦችን መልሰው ይቀርጹ ነበር። ለአምሳያ የተሰጧቸው የፎቶ ቅጂዎች እጃቸው ላይ ቀርተዋል። ሕንፃው ገና ሲሠራ የተነሡ ናቸው፤ የአንበሳ ራሶች፣ የወይን ሐረጎች፣ አፋቸውን የከፈቱ ፊቶች፣ ወደ ላይ ሳይሰቀሉ መሬት ላይ ተደርድረው፣ በየአጠገባቸው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሞ።

አባዬና እማዬ ዌርሃውስ፣ የመጋዘን ሥራ፣ ሺፍት ሲገቡ ያኔ የሚጠብቁኝ እሳቸው ነበሩ። ሲመሽ አንዱን ፎቶ ከመብራቱ ሥር አድርገው ተረት ያወሩልኛል። አንድ ምሽት ከአንበሳው ራስ ጀርባ ሁለት ጫማዎች ቆመው አየሁ። ከጫማዎቹ በላይ ጭስ የመሰለ ነገር እንጂ ሰው የለም።

«ሰውየው ዳይ አደረገ? ሞተ?» አልኳቸው።

የድሮ ካሜራ ቀስ ብሎ ነው የሚያየው፣ የተንቀሳቀሰ ሰው ይጠፋበታል፣ ረግቶ የቆመው ጫማው ብቻ ይቀራል አሉኝ።

በሳምንቱ አባዬ ማሳል ጀመረ። መኝታ ቤት ብቻውን ገብቶ በሩ ተዘጋ፤ የሥራ ጫማዎቹ ደጁ ላይ ቀሩ። እኔም ደረጃው ላይ ተቀምጬ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መንቀሳቀስ ተውኩ። ብነቃነቅ አባዬ የሚጠፋ መሰለኝ። ሳሉ ሲሰማ እፈራለሁ፤ ጸጥ ሲል ደግሞ የባሰ። እማዬ ብትለምነኝም ምግብ አልቀመስኩም።

በሁለተኛው ቀን ጋሼ ሰኢድ ማስካቸውን አድርገው መጡና ራቅ ብለው ቆሙ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉኝ፤ «ካሜራው ነው ያጣው እንጂ ሰውየው አልጠፋም። ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ገብቷል።»

«ሀው ዱ ዩ ኖው?»

እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። «አንበሳው ዛሬም እላይ ነው፤ በእጄ ነክቼዋለሁ። እሱ ካልሰቀለው ማን ሰቀለው?» አሉ።

ያኔ ተነሥቼ በላሁ።

አባዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግድግዳ እየያዘ ወጣ። እኔም አደግኩ፤ የጋሼ ሰኢድ ማስረጃ ማስረጃ እንዳልነበረ፣ አንበሳውን ማንም ሊሰቅለው ይችል እንደነበር ገባኝ። እማዬ የነገረችኝ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ጋሼ ሰኢድ ያን ቀን ከእኔ ተለይተው ሲወርዱ የቤዝመንቱ ደረጃ መሃል ላይ ተቀምጠው አልቅሰዋል። ዛሬም ሰው ሲያስል ልቤ ይደነግጣል። እሳቸውም ከእኔ እኩል ፈርተው እንደነበር ባውቅ ኖሮ፣ ያን ቀን የምነሣ አይመስለኝም።