የፒያሳው የገና አባት

የገና ዋዜማ ዕለት ከሰዓት፣ የአራት ዓመት ልጄን መብራቱንና ድምቀቱን ላሳያት ከኮምቦልቻ ደሴ ይዣት ወጣሁ። ፒያሳ አንድ ሱቅ ደጃፍ፣ ካጌጠው የገና ዛፍ አጠገብ፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ፣ ቀይ ሻል የደረቡ ሽማግሌ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። እኔም ተሰለፍኩ።

ተራችን ሲደርስ ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኳት። እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው «አላህ ያሳድግሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» አሏት። አገሩ ወሎ ነውና የገና አባት እንዲህ ማለቱ አልገረመኝም። ፎቶ አነሳኋቸው።

«ስጦታዬስ?» አለቻቸው ልጄ።

ሽማግሌው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ኪሳቸውን ዳበሱና ሁለት ፍሬ ተምር አውጥተው ሰጧት።

በዚህ መሀል ባለሱቋ ወጣች። ከኋላዋ ቀይ ልብስ የለበሰ፣ የጥጥ ጢም የለጠፈ ቦርጫም ሰውዬ ቆሟል።

«አባባ፣ ወንበሩ እኮ የእሱ ነው» አለቻቸው።

«አፉ በይኝ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ለመነሳት እየሞከሩ። «ከኩታበር መጥቼ እግሬን ላሳርፍ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ሰዉ ልጁን እያመጣ ሲሰጠኝ ጊዜ፣ ደሴ ዱአ የሚወድ ሰው በዝቷል ብዬ ነው።»

ከኋላዬ የተሰለፈችው ሴት ባለጥጡን ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ሕፃኗን ለሽማግሌው አቀበለቻቸው።